ያውቁ ኖሯል? ወደ የካ፣ በዋሽንግተን በኩል

ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ በ1928 ዓ.ም. ለብዙ የውጭ አገር ሰዎች መጠለያ እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን አዲስ አበባን ለቀው ሲወጡ ከተማዋን ዘረፋና ተኩስ አመሳት። በሌላው የከተማዋ ጫፍ የአሜሪካ ሌጋሲዮን (የያኔው ኤምባሲ) ጭንቅ ውስጥ ወደቀ። ስልኩ ዝም፣ መንገዱ አያስኬድ። ለሌጋሲዮኑ ኃላፊ ለኮርኔሊየስ ኤንገርት የቀራቸው ሬዲዮ ብቻ ነበር። የካ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትርቅም በቀጥታ የሚያገናኛቸው ነገር ስላልነበረ የድረሱልን መልእክቱ ዋሽንግተን ሄደ፤ ከዚያ ለንደን፤ ከለንደን ተመልሶ የካ ገባ! የእንግሊዝን ሌጋሲዮን የሚጠብቁት የሲክ ወታደሮችም ለአሜሪካኖቹ ደረሱላቸው።

በዚያን ጊዜ ሬዲዮውን የያዙት የባሕር ኃይል ባለሙያዎች ነበሩ። ይህንኑ ሥራ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉስ? የሬዲዮ አማተሮች ይባላሉ። ተፈትነው ፈቃድ ያወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በሬዲዮው ገንዘብ ማግኘት አይፈቀድላቸውም።

የእኛም አገር የአማተሮች ክበብ አላት፤ ጣቢያው አምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው። የመጥሪያ ስሙ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል። ከኢትዮጵያ የሚሰማ ድምፅ ብርቅ ስለሆነ ጣቢያው አየር ላይ ሲወጣ የዓለም አማተሮች ይሻሙበታል።

ሱሉልታ ለየካ ቅርብ ብትሆንም በእጅ የሚያዝ መገናኛ ሬዲዮ የእንጦጦን ሸንተረር አያልፍም። አማተሮች የሚጠቀሙበት አጭር ሞገድ ግን ያልፋል። እያንዳንዳቸው 10 ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ሽቦዎችን በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ዝቅ አድርገው ይዘርጉ፤ ሞገዱ ወደ ሰማይ ይወጣና ተመልሶ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ዙሪያ ይዘንባል። ተራራው ከሥሩ ቀረ ማለት ነው። ለኃይሉ የመኪና ባትሪ ይበቃል። ባሕር ዛፍ ደግሞ እንጦጦ ላይ ሞልቷል!

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው፣ መጠኑ 5.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ከእንቅልፏ ቀስቅሷል። እንዲህ ያለ ጊዜ የስልክ ታወሩ ባይወድቅ እንኳ ሰው ሁሉ በአንዴ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ሱናሚ የሕንድን የአንዳማን ደሴቶች ሲመታ ባራቲ ፕራሳድ የተባሉ አማተር ከቡድናቸው ጋር በአጋጣሚ እዚያው ነበሩ። የመጡት ለትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ ስልክ ሲቋረጥ ግን በሬዲዮአቸው የሰዎችን ደኅንነት ለዘመድ ወደ ማሳወቅ ገቡ።

በአፍሪካና በአውሮፓ አማተሮች ለአደጋ ጊዜ የሚሰባሰቡበት ፍሪኩዌንሲ 7110 እና 3760 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ የመጀመሪያው ለቀን ይመቻል፣ ሁለተኛው ለሌሊት። አንድ ሰው ተራ ያስከብራል። ሌላው ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል፤ ወሬኛ እዚያ ቦታ የለውም።