ሬዲዮው ሲናገር የጥሪው ድምፅ ለምን ይጠፋል?

በብዙዎቻችን ቤት ኮምፒውተሩ ሬዲዮም ስልክም ነው። እናቶች የረቃን የአማርኛ ፕሮግራም ያዳምጡበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶችም በኢንተርኔት ይደውሉበታል። ሬዲዮው እየተናገረ ጥሪው ድምፅ ሳያሰማ ከቀረ፣ ከሩቅ የደወለው ሰው «ሆን ብለው አላነሡትም» ብሎ ይቀየማል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አዲስ ራምኮል ይገዛል። ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከራምኮሉ አይደለም።

የድምፅ ካርድ ከፕሮግራሞች የሚመጣለትን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚለውጥ ዕቃ ነው። በ1998 እንደወጣው ሳውንድ ብላስተር ላይቭ ያለው ካርድ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ራሱ ይቀላቅላል። ከኮምፒውተሩ ጋር ተሠርቶ የሚመጣው፣ ኤሲ 97 ወይም ከ2004 ወዲህ ኤችዲ ኦዲዮ የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ይቀበላል። በየቤቱ የገባውም ርካሹ እሱ ነው። ስለዚህ ድምፆቹን አስቀድሞ የሚቀላቅል ሶፍትዌር የግድ ያስፈልጋል።

የእናንተ ካርድ የትኛው ነው? ባረጀ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የጫናችሁ ከሆነ፣ ኤፕሌይ የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከትንሿ ኤል ፊደል ጋር ጻፉ። ከካርዱ ስም ሥር በእዝባር የተለዩ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። ሁለተኛው ካርዱ በጠቅላላው ስንት ድምፅ እንደሚቀበል፣ የመጀመሪያው ደግሞ ስንቱ ክፍት እንደሆነ ይነግራል። 32/32 ካለ ካርዱ ራሱ ይቀላቅላል። 1/1 ካለ አንድ በር ብቻ ነው ያለው። 0/1 ካለ ያችን አንድ በር የያዘ አለ ማለት ነው፤ የያዘው ቀላቃዩ ሶፍትዌር ከሆነ ግን አትደንግጡ፣ ሥራው ነው።

ቅልቅል ሲባል መደመር ነው። በ16 ቢት ድምፅ ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። ሬዲዮው 20,000፣ ጥሪውም 20,000 ላይ ቢገናኙ ድምሩ 40,000 ይሆናል፤ ከጣሪያው ያለፈው ተቆርጦ ድምፁ ይንሻከካል። ስለዚህ በየፕሮግራሙ ያለውን ድምፅ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ራምኮሉን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ሌላም አለ። የሙዚቃ ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ናሙና ሲኖረው ብዙ ካርዶች የሚሠሩት በ48,000 ነው። በቁናና በኪሎ የተሰፈረ እህል ሳይመነዘር እንደማይደመር ሁሉ፣ ቀላቃዩ ሁሉንም ወደ አንድ መጠን መለወጥ አለበት። ይህ ለደካማ ኮምፒውተር ጥቂት ሸክም ነው።

በሊኑክስ ዲሚክስ የሚባለው ቀላቃይ ከ2005 ጀምሮ ያለ ትእዛዝ ራሱ ይሠራል፤ በኋላም ፐልስ ኦዲዮ፣ ቀጥሎ ፓይፕዋየር መጥተዋል። ታዲያ ለምን ይበላሻል? አንደኛው ምክንያት አንድ ፕሮግራም ቀላቃዩን ዘሎ ካርዱን በቀጥታ መያዙ ነው። በፕሮግራሙ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ከካርዱ ስም ይልቅ «ዲፎልት» የሚለውን ምረጡ። ሁለተኛው የድሮ ምክር ነው። የቤቱ ጎረምሳ ከዓመታት በፊት የጻፈው፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ኤሳውንድአርሲ የተባለ ፋይል ካለ፣ ስሙን ለውጣችሁ ሞክሩ። አትሰርዙት፤ ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል።

ዊንዶውስ ያላችሁ በድምፅ ካርዱ ማስተካከያ «አድቫንስድ» በሚለው ገጽ፣ ፕሮግራሞች ካርዱን ለብቻቸው እንዲይዙ የሚፈቅደውን ምልክት አንሡ። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ደግሞ ጥሪ ሲመጣ የሌላውን ድምፅ በ80 በመቶ የሚቀንስ ማስተካከያ አለ። ሬዲዮው በጥሪ ጊዜ ሹክሹክታ ብቻ ከሆነ ብልሽት አይደለም፤ «ኮሚዩኒኬሽንስ» በሚለው ገጽ «ምንም አታድርግ» የሚለውን መምረጥ ይቻላል። እኛ ግን ለእናቶች ሲባል እንዲቀንስ ብንተወው ይሻላል እንላለን፤ የደዋዩ ድምፅ ጎልቶ ይሰማቸዋልና።