አሮጌ ጎተራን ስለ ማደስ

ገበሬው አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞና አጭዶ ያገኘው እህል አውድማ ላይ ሲሰፈር ድካሙ ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ እህሉ ገና ሐምሌንና ነሐሴን መሻገር አለበት። በታኅሣሥ የሞላ ጎተራ በክረምት ሲከፈት ነቀዝ፣ ሻጋታና የአይጥ ኩስ ከተገኘበት፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የጀመረው እህሉ ከመግባቱ በፊት ነው።

ብዙ ሰዎች ይህ ሲደርስባቸው «ጎተራው አርጅቷል» ይላሉ። ነገር ግን ከቀርከሃ ወይም ከልምጭ ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ ጎተራ በየዓመቱ ከታደሰ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ለእድሳቱ የሚያስፈልጉት ጭቃ፣ ጭድ፣ እበት፣ ልጥና ሣር በአካባቢው የሚገኙ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ ጊዜ ስለሆነ ሥራው አጨዳ ከመድረሱ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ መጀመር ይኖርበታል።

1. ማጽዳት

የአምናው እህል ተራፊ በሙሉ ይውጣ። ሴቷ ነቀዝ የእህሉን ፍሬ በስታ እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች፤ ትሉም እዚያው እየበላ ያድጋል። በሞቃት ስፍራ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ነቀዝ አምስት ሳምንት ያህል ይበቃል። ስለዚህ በስንጥቅ ውስጥ የቀረ አንድ እፍኝ አሮጌ በቆሎ አዲሱን እህል ሁሉ ሊያስነቅዝ ይችላል። ግድግዳው ከውስጥ ይጠረግ፤ የላላው ምርጊት ይፋቅ፤ ጥራጊውም በዚያው ቀን ይቃጠል። ከዚያም ክዳኑ ተነሥቶ ጎተራውን ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ይምታው።

2. እግሮቹን መመርመር

የቆመበት እንጨት በቢላዋ ጫፍ ይወጋ። ቢላዋው በቀላሉ ከገባ እንጨቱን ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል ማለት ስለሆነ ይለወጥ። አዲሱ እንጨት በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም እንጂ አፈር አይንካ። የጎተራው ወለል ከመሬት ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ይበል። በየእግሩ ላይ፣ ከወለሉ ሥር፣ እንደ ተደፋ ሳህን ሆኖ የተሠራ ቆርቆሮ ይደረግ፤ ጠርዙም ከእንጨቱ ዙሪያ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። ሞፈር፣ መሰላል ወይም ማገዶ በጎተራው ላይ ከተደገፈ ግን አይጥ በዚያው ስለሚወጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

3. ግድግዳውን መምረግ

በቀን አንድ ሰው ባዶው ጎተራ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ለጥቂት ጊዜ ይዘጋ። ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ሁሉ ያን ጊዜ ይታያል። የተሰበረው ልምጭ ተለውጦ በልጥ ይታሰር። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ ከውስጥም ከውጭም ይመረግ። ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ቦታ በጭቃና በእበት ድብልቅ እንደገና ይለሰን።

እዚህ ላይ መቸኮል ትልቅ ጉዳት አለው። ያልደረቀ ምርጊት እርጥበቱን ለእህሉ ስለሚሰጥ እህሉ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ይፈጥራል፤ መርዙም እህሉ ቢቆላ ወይም ቢቀቀል እንኳ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ ምርጊቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይድረቅ። አንድ ወር አስቀድሞ መጀመር ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

4. ክዳኑ

የበሰበሰው ሣር ይለወጥ። ዝናብ ግድግዳውን እንዳይመታ ክዳኑ ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይበል። በጎተራው ዙሪያም የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈር።

5. እህሉን ማስገባት

በታደሰ ጎተራ ውስጥ እርጥብ እህል ማስገባት ማበላሸት ነው። የእህሉን ድርቀት ለማወቅ ጥቂት እህልና አንድ እፍኝ በደንብ የደረቀ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ተጨምሮ ይናጥ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ስለሆነ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ጤፍ ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ አይራባበትም፤ የሚያስፈልገው ከአይጥና ከእርጥበት መጠበቅ ነው። ለበቆሎና ለማሽላ ግን ጎተራው ብቻውን አይበቃም። አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት በሚገባ ታስረው በታደሰው ጎተራ ውስጥ ቢቀመጡ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል።

ጋዝ የሚያወጣ የነቀዝ መግደያ እንክብል በጭቃ ጎተራ ውስጥ ፈጽሞ አይደረግ። ጋዙ በስንጥቁ ስለሚወጣ ነቀዙን ሳይጨርስ በአጠገቡ የሚተኛውን ቤተ ሰብ ሊገድል ይችላል። ሌላ መድኃኒት ካስፈለገ አስቀድሞ የቀበሌውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ማማከር ይገባል።