‹‹አሥሩ›› ጡረታ ወጣ፤ የድሮው ፋይል የት ይደር?

ገበያ ላይ የአንድ ዕቃ ዋጋ ከፍ ዝቅ ሲል ነጋዴው ምክንያቱን ከመርካቶ፣ ከጉምሩክ ወይም ከባንክ ይፈልጋል። ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ግን ዓይኑን ወደ ሌላም አቅጣጫ መጣል አለበት። የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተሰኘው የኮምፒዩተር ሥርዓት በነፃ ይሰጥ የነበረውን የደኅንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ‹‹አሥሩ›› ከአሥር ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታ ወጣ ማለት ነው። ወራሹ ዊንዶውስ 11 ከመስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ገበያ ላይ ውሏል።

ለመሆኑ ጡረታ ወጣ ሲባል ምን ማለት ነው? ኮምፒዩተሩ ሥራ አላቆመም። በማግስቱም ተከፍቷል፣ ጽፏል፣ አትሟል። የቀረው ጥበቃው ነው። ዘበኛው የሄደበትን ሱቅ ይመስላል፤ በሩ እንደ ወትሮው ይከፈታል ይዘጋል፣ ሌባ አዲስ ቀዳዳ ቢያገኝ ግን ደፋኝ የለውም። የዚህ ዓይነቱ ቀዳዳ ምን እንደሚያስከትል ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያን ዕለት ‹‹ዋናክራይ›› የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን ፋይል ቆልፎ 300 ዶላር ቤዛ መጠየቅ ጀመረ። መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው።

እንግዲህ ወደ አዲሱ መሸጋገር የግድ ይመስላል። ይሁንና የተሸጋገሩት ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ አያወሩም። ግማሹ ‹‹ኮምፒዩተሬ ነፍስ ዘራ›› ሲል ግማሹ ‹‹የነበረኝንም አጣሁ›› ይላል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ነጋዴ ገንዘቡን ከኪሳራ ያድናል።

አንዲት ኮምፒዩተር፣ አንድ ቤተሰብ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ደብረ ወርቅን አልፎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀውን መንገድ ያየ ሰው፣ በየከተማው ‹‹ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ›› የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈበት ቤት አያጣም። ደብረ ወርቅ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ ናት። የወረዳ መቀመጫ በሆነች ከተማ የቤትና የከብት ሽያጭ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የውክልና ማመልከቻ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የተማሪ የሥራ ማመልከቻ ሁሉ በእንዲህ ዓይነት ቤት ያልፋል። ብዙውን ጊዜ ያለው ንብረት አንዲት ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ቤተሰብ የሚያድረው በዚያች ኮምፒዩተር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሥርዓቱን ሲቀይር ባለሙያ ቀጥሮ፣ ሠላሳውን ኮምፒዩተር በሦስት ዙር ይለውጣል። የደብረ ወርቁ ባለ ጽሕፈት ቤት ግን ያችኑ አንዷን ዘግቶ ነው የሚቀይረው። በተዘጋችበት ቀን ገቢ የለም። ሲከፍት ደግሞ የድሮው የውል ቅጽ አልነበብ ካለ ደንበኛው ወደ ቀጣዩ ቤት ይሻገራል። የሽግግሩ ደስታም ሆነ ምሬት አጉልቶ የሚታየው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

የተደሰቱት ለምን ተደሰቱ?

ከተደሰቱት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 11ን ያገኙት ኮምፒዩተራቸውን ጨምረው ቀይረው ነው። በተለይ የድሮውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ትተው ኤስኤስዲ የተገጠመለት የገዙት፣ ቀድሞ ቡና እስኪፈላ ይጠብቁት የነበረው ማሽን በጥቂት ሴኮንድ ሲከፈት ምስጋናውን ለ‹‹አሥራ አንዱ›› ሰጥተዋል። ሐቁ ሌላ ነው። ፍጥነቱን በአመዛኙ ያመጣው ዲስኩና የሜሞሪው ስፋት ነው። ይህን ያወቀ ሰው የድሮ ኮምፒዩተሩን ዲስክ ብቻ አስቀይሮ፣ አዲስ ኮምፒዩተር ከሚያስወጣው ባነሰ ገንዘብ ያንኑ ፍጥነት ሊያገኝ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ መውጣቱን ለሚያስታውስ ነጋዴ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ እንዲህ ያለው ቁጠባ ቀላል አይደለም።

ዲስክ መቀየር ግን የዊንዶውስ 11ን በር አይከፍትም። በሩ ላይ ሌላ ጠያቂ ቆሟል።

ሰባተኛና ስምንተኛ ትውልድ

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቁልፍ መያዣና በማይክሮሶፍት መዝገብ የሰፈረ ፕሮሰሰር መጠየቁ ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች በኩል መስመሩ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በስምንተኛው ትውልድ ላይ ተሰምሯል።

እዚህ ላይ ደላላም ገዢም ልብ ይበል። ‹‹ኮር አይ ሰቨን ነው›› የሚለው የገበያ ቋንቋ ብቻውን ዋጋ የለውም። መታየት ያለበት ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ‹‹አይ ፋይቭ 7200›› ካለ ሰባተኛ ትውልድ ስለሆነ አይቀበለውም፤ ‹‹አይ ፋይቭ 8250›› ካለ ስምንተኛ ነውና ይቀበለዋል። ‹‹አይ ሰቨን 6600›› ስሙ ከፍ ቢልም ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ ‹‹አይ ስሪ 8130›› ስሙ ዝቅ ቢልም ያልፋል። ስለዚህ ስሙ ትልቅ የሆነው ማሽን ወደ አዲሱ ሥርዓት ሳይገባ፣ ትንሽ የሚመስለው ይገባል ማለት ነው። ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ‹‹ፒሲ ሄልዝ ቼክ›› የተባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ መፈተሻ ማሠራት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

መስመሩን በአቋራጭ የሚዘሉ ቴክኒሻኖች አሉ። ሥርዓቱም ይጫናል፣ ይሠራልም። ነገር ግን ማይክሮሶፍት መሥፈርቱን ላላሟላ ማሽን ማሻሻያ የመላክ ግዴታ እንደሌለበት አስታውቋል። ለጥበቃ ተብሎ የተደረገ ሽግግር ጥበቃው የማያስተማምን ከሆነ ምን ጥቅም አለው? ፈቃድ የሌለው፣ በተለምዶ ‹‹ክራክ›› የሚባለው ጭነትም ከዚሁ የሚመደብ ነው። ብዙዎቹ የክራክ ፕሮግራሞች ገና ሲጫኑ ፀረ ቫይረሱን አጥፉ ይላሉ። ዘበኛውን አሰናብቶ ቁልፉን ለማይታወቅ ሰው እንደ መስጠት ነው።

ፊደላችን የት ገባ?

ለአማርኛ ጸሐፊው ትልቁ ምሬት የሚመጣው ከፊደል ነው። ለዓመታት በአገራችን ጽሕፈት ቤቶች የነገሡት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ዘመናቸው የተሠሩት የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል ወንበር ላይ በማስቀመጥ ነበር። ኮምፒዩተሩ በሆዱ የያዘው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ዓይን ላይ ግዕዝ ሆኖ የሚታየው በፎንቱ አማካይነት ነው። ፎንቱ ከሌለ ውሉ፣ አቤቱታው፣ የዕድር ደንቡ ሁሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል።

ለግዕዝ ፊደል የራሱ ወንበር የተሰጠው በ1992 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ በ3.0 እትሙ ሲያካትተው ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ‹‹ኒያላ›› የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከአማርኛ መጻፊያ ጋር አስገባ። ፓወር ግዕዝም በኋለኛው እትሙ ዩኒኮድን ተቀብሏል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ሰነድ ከሥርዓት ወደ ሥርዓት ሲሻገር አይጠፋም።

ሆኖም እዚህም ትንሽ እሾህ አለች። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ኒያላ ከዋናው ጭነት ወጥቶ በተጨማሪነት የሚጫን ፎንት ሆኗል። አዲስ በተጫነ ማሽን ላይ ኒያላ ከሌለ ጽሑፉ ‹‹ኢብሪማ›› በተባለው ሌላ ፎንት ይታያል። ይነበባል፤ ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመር ይገፋል፣ ሠንጠረዥ ይዛባል፣ በአንድ ገጽ ያለቀው ውል ፊርማው ብቻውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ይሻገራል። ይህን ያየ ደንበኛ ‹‹ኮምፒዩተሩ ተበላሸ›› ቢል አይፈረድበትም። መፍትሔው አማርኛን ከቋንቋ ዝርዝር ውስጥ መጨመርና ፎንቱ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ‹‹እንዲወርድ›› ሲባል ግን ኢንተርኔት አለ ማለት ነው።

መስመር በሌለበት

ዊንዶውስ 11 ሲጫን በአብዛኛው የኢንተርኔት መስመርና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። በየጊዜው የሚወርደው ትልቁ ማሻሻያም በጊጋባይት የሚቆጠር ነው። ይህ ሁሉ የታሰበው መስመርም መብራትም የማይጠፋበትን አገር ይዞ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማሻሻያ የሚጠብቅ ኮምፒዩተር ሥሪቱ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ቀዳዳው ሳይደፈን ይከርማል። ስለዚህ ከደብረ ወርቅም ሆነ ከሞጣ ተነስቶ ኮምፒዩተር ለመግዛት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሄደ ሰው፣ ጭነቱን፣ ፎንቱንና ማሻሻያውን እዚያው ጨርሶ ቢመለስ ይሻለዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ብዙ ሰው ያላስተዋለው ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ በወጣው የዊንዶውስ 11 እትም አዲስ ጭነት ሲደረግ ዲስኩ በራሱ ሊቆለፍ ይችላል። የመክፈቻው ቁልፍ፣ ረጅም ቁጥር ሆኖ፣ መጀመሪያ በተመዘገበው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። ቴክኒሻኑ ‹‹ላፋጥንልዎት›› ብሎ በራሱ ኢሜይል ቢመዘግበውስ? የማሽኑ አንድ ክፍል ሲቀየር ቁልፉ ሊጠየቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ የድርጅቱ ሒሳብ ሁሉ በቴክኒሻኑ እጅ ነው። ኮምፒዩተር በባለቤቱ አካውንት ይመዝገብ፤ ቁልፉም ታትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ይቀመጥ።

ሒሳብና ፕሪንተር

ሒሳባቸውን በፒችትሪ የሚይዙ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። ምርቱ ስሙ ሴጅ 50 ተብሎ ከተቀየረ ቢቆይም፣ የ2010 እትሙን ይዘው የቀሩ አሉ። ይህ እትም የተሠራው ዊንዶውስ 10 ራሱ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት ስለሆነ በአዲሱ ላይ ሳይፈተን አይታመንም። ከዚህም የሚያረጁና በዶስ ዘመን የተሠሩ ፕሮግራሞች ደግሞ ጨርሶ አይሠሩም፤ ዊንዶውስ 11 የሚመጣው ባለ 64 ቢት ሆኖ ብቻ ነውና። ፕሪንተርም አምራቹ ለአዲሱ ሥርዓት ድራይቨር ካላዘጋጀለት ከደህናው ማሽን ጎን ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ለመቆየት የፈለገ ጊዜ አለው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 ግለሰብ ተጠቃሚዎች በ30 ዶላር፣ ወይም የኮምፒዩተራቸውን ቅንብር ከአካውንታቸው ጋር ካያያዙ ያለ ክፍያ፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የደኅንነት ጥገና እንዲያገኙ ፈቅዷል። ለድርጅት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ኮምፒዩተር 61 ዶላር ሆኖ፣ በየዓመቱ እየተጠፈ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። አሥር ኮምፒዩተር ያለው ድርጅት በመጀመሪያው ዓመት 610 ዶላር፣ በሁለተኛው 1,220 ዶላር ያወጣል፤ በሦስተኛው 2,440 ዶላር ይደርሳል። ሦስቱ ዓመት ሲደመር 4,270 ዶላር ነው። ከዚህ ያገለገለ ስምንተኛ ትውልድ ቢገዛ ይሻለው እንደሆነ ነጋዴው ራሱ ያስላው።

መግዛት የማይችል፣ ሥራውም መጻፍና ኢንተርኔት ማየት ብቻ የሆነ ሰው እንደ ኡቡንቱና ሚንት ያሉ ነፃ የሊኑክስ ሥርዓቶችን በድሮው ማሽን ላይ ማስጫን ይችላል። በዩኒኮድ አማርኛ ይጽፋል። ፒችትሪና ፓወር ግዕዝ ግን በቀጥታ አይሠሩበትም። የድሮውን ማሽን ከኢንተርኔት ነጥሎ ለጽሕፈት ብቻ ማቆየትም መንገድ ነው፤ ይሁንና ከደንበኛ ፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ መስመር አይጠይቅም።

የትኛውንም መንገድ የመረጠ ሰው ቅደም ተከተሉን አያዛባ። በመጀመሪያ ፋይሉን ወደ ሁለት ቦታ ይገልብጥ። በድሮው ፎንት የተጻፈውን ሰነድ፣ የድሮው ማሽን ገና በሕይወት ሳለ፣ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ያሻግር፤ ጊዜ ከሌለው ደግሞ በፒዲኤፍ ያውጣው፣ የፎንቱንም ፋይል አብሮ ይያዝ። የፒችትሪውን መጠባበቂያ በአዲሱ ማሽን ላይ ከፍቶ የአንድ ወር ሪፖርት ያትምበት። ይህ ሁሉ ከተሳካ በኋላ የድሮው ፎርማት ይደረግ። ከአምስት ዓመት በፊት የተጻፈ ውል ለክርክር ሲፈለግ ዳኛው የሚጠይቀው ስለ ውሉ ነው፤ ዊንዶውሱ ስንተኛ እንደነበረ አይጠይቅም።