ግንብ የሌለው እቶን

በደምበል አካባቢ ቡና ስንጠጣ ጀበናው በምን ጥበብ እንደ ተሠራ ብዙም አንጠይቅም። በአዲስ አበባ በሸክላ ሥራ የታወቀው ሰፈር ቀጨኔ ነው፤ ሠሪዎቹም ሴቶች ናቸው። በባህላዊው አሠራር ሸክላ የሚቃጠለው በሜዳ ላይ ነው። ግንብ ስለሌለ እቶኑ ራሱ ድርድሩ ነው ማለት ይቻላል።

አስቀድሞ ዕቃው ይደርቃል፤ ቀጥሎም በለዘብታ እሳት ይሞቃል። ምክንያቱም በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ በጭቃው ውስጥ የቀረው እርጥበት በድንገት እንፋሎት ከሆነ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል።

ከዚያም እንጨትና ኩበት ይነጠፋል። ትልልቁ ዕቃ ከሥር፣ ትንንሹ ከላይና በየመካከሉ ይደረደራል። እጅግ ቢጠጋጋ ነበልባሉ አያልፍም፤ እጅግ ቢራራቅ ነፋስ ገብቶ አንዱን ወገን ያቀዘቅዘዋል። በመጨረሻም በኩበት፣ በጭድ ወይም በቅጠል ይሸፈናል፤ ይኸውም ሙቀቱን እንደ ግድግዳ ይይዛል። ሙቀቱ 600 ዲግሪ ገደማ ካለፈ በኋላ ሸክላው ውኃ ቢነካውም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም።

ድርድሩ ከተበላሸ ግን የብዙ ቀን ድካም ገል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሠሪዋ ያለ ቴርሞሜትር፣ በዐይኗና በእጇ ብቻ ሙቀትን ትመራለች።

ኅብረተሰባችን ግን እነዚህን ባለሙያዎች «ቡዳ» እያለ ሲያገልል ኖሯል። ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ሙቀት ከኛ በፊት የተማረችውን ሴት እንድናከብር ካላደረገን፣ የተማርነው ፊዚክስ ምን ጠቀመን?