የብር ቀለም ብቻውን አውሮፕላን አያስመስልም

እዚህ ካኩማ ተወልዶ ያደገ ልጅ አውሮፕላን ሳል ሲባል ነጭ አድርጎ ነው የሚስለው። አይፈረድበትም፤ ከማኮብኮቢያው ሲነሱ የሚያያቸው አብዛኞቹ ነጭ ናቸው። አምና በእጅ ሥራ ክበባችን ከአሮጌ መጽሔት የተቀደደ የዲሲ-3 ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሳሳያቸው፣ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄኛው ቀለም ሳይቀባ ነው እንዴ የሚበረው?» አለኝ። አዎ፣ ሳይቀባ ነው።

ዲሲ-3 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1935 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። ገላው አሉሚኒየም ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ከመዳብና ከሌሎች ማዕድናት ጋር ቀላቅለው ያጠነክሩታል። ቅይጡ ደግሞ እርጥበት ቶሎ ስለሚበላው ሁለቱንም ፊቱን በስስ ንጹሕ አሉሚኒየም ይለብጡታል። ስለዚህ ባይቀባም ይቆያል፣ የቀለሙም ክብደት ይቀርለታል።

ያ ልጅ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። አያቱ በወጣትነታቸው ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ያጥቡ እንደነበር ከአባቱ ሰምቷል። ቤተሰቡ የጉዞ ቀን ተነግሮታል፤ የቀረው አምስት ሳምንት ነው። «ከመሄዴ በፊት እንጨርሰው» አለኝ። አባትየው ግን አልወደዱትም። «ልጁ እንግሊዝኛውን ያጥና እንጂ እንጨት ሲፍቅ ይዋል?» ብለው ላኩብኝ። እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም።

ከሳጥን እንጨት በ1 ለ72 ልክ ፈለፈልነው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ስለሆነ የእኛው 40 ሳንቲ ሜትር መጣ። ከዚያ ልጆቹ ሳንቲም አዋጥተው ከገበያ ትንሽ ጣሳ የብር ቀለም ገዛን። እኔም ቸኮልኩና ሳላስፍቅ አስቀባኋቸው። ሲደርቅ የእንጨቱ ጅማት ሁሉ አፍጥጦ ወጣ፤ የተቀባ ማማሰያ መሰለ እንጂ አውሮፕላን አልመሰለም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የብር ቀለም እንደሌላው ቀለም ጉድለት አይሸፍንም፤ እያንዳንዷን ጭረት አጉልቶ ያወጣል።

ሌላም ችግር አለው። ቀለሙ ውስጥ የሚያብለጨልጨው የብረት ቅንጣት ነው። አንዷ ቅንጣት የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብትሆን፣ በ72 ስትባዛ ከ7 ሚሊሜትር ትበልጣለች። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጠር ተረጨበት ማለት ነው። ዓይን ይህን ስሌት ሳያውቅ ይደርስበታል፤ «አሻንጉሊት ነው» ይላል።

ቀለሙን ፍቀን፣ ስቱኮ ቀብተን፣ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም ወረቀቱን ውሃ እያስነካን እንደ ጥፍር እስኪለሰልስ ፈተግነው። አራት ቀን ወሰደብን። ከዚያ ከሱቅ የወጥ ቤት ፎይል ገዛን። (የዘይት ቆርቆሮ እንጠቀም ያሉ ነበሩ። እሱ በቆርቆሮ የተለበጠ ብረት ነው፤ ማግኔት ስታስጠጉበት ይጎተታል። ለዚህ ሥራ ወፍራም ነው።)

ፎይል አንዱ ፊቱ ያበራል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው። ፋብሪካው በመጨረሻው ዙር ሁለት ሉህ ደርቦ ስለሚዳምጠው፣ ሮለሩን የነካው ፊት ያበራል፤ እርስ በርስ የተነካካው ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። ይህ ለእኛ ሲሳይ ሆነልን። ፎቶውን ልብ ብላችሁ ብታዩ አውሮፕላኑ አንድ ዓይነት ብርማ አይደለም፤ አንዱ ሉህ ነጣ፣ ጎረቤቱ ጠቆር ይላል። ፎይሉን እንደ ሉሆቹ ቅርጽ በምላጭ ቆራረጥን፤ አንዱን በሚያበራው ፊቱ፣ ሌላውን በደብዛዛው ለጠፍን። ፎይል የመዳመጫ መስመርም ስላለው፣ ጎን ለጎን ያሉትን አንዱን በቁሙ፣ አንዱን በአግድሙ ስናደርግ ብርሃኑን ለየብቻ መለሱት። ትንሽ ጠቆር እንዲል የፈለግነውን ደግሞ በውሃ ቀቀልነው፤ የአሉሚኒየም ድስት ውስጡ እንደሚጠቁረው ማለት ነው።

ነጭ ኮላ በውሃ አቅጥኖ በስሱ መቀባት፣ ከመሃል ወደ ዳር በጥጥ መጫን፣ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ማሸት ነው። ኮላው ከበዛ ይንፋል። ሁለት ጊዜ ነፍቶብን ቀደነዋል። የሪቬቱን መስመር ቀለሙ ባለቀ እስክሪቢቶ ጫፍ፣ ሳንጫን፣ በማስመሪያ ነጠብጣብ አደረግንለት።

በአራተኛው ሳምንት አባትየው ክፍል ድረስ መጡ። ልጁን ሊወስዱ መስሎኝ ደነገጥኩ። አውሮፕላኑን አንስተው ዘወር ዘወር አደረጉና የጭራውን መሪ በጣታቸው ነኩ። «ይሄ ማብራት የለበትም» አሉ። «አባቴ ጭራው ላይ ያለችው ጨርቅ ናት፣ ስናጥብ እንዳትቀደድ ተጠንቀቁ ይሉን ነበር ይል ነበር።»

ፎቶውን አቀረብኩት። እውነትም! በዲሲ-3 ላይ የሚንቀሳቀሱት መሪ ክፍሎች፣ የክንፉም የጭራውም፣ በጨርቅ የተሸፈኑ ናቸው፤ የአሉሚኒየም ዱቄት የተቀላቀለበት ቀለም ይቀባሉ እንጂ እንደ ገላው አያበሩም። ስንት ዓመት ያየሁትን ፎቶ አላየሁትም ነበር ማለት ነው። ከእነዚያ ክፍሎች ላይ ፎይሉን ልጠን ጥለን፣ ያ ያበላሸን የብር ቀለም ተርፎ ስለነበር እሱኑ ቀባንበት። እዚያ ላይ ልክ ሆነ። አባትየውም ሌላ ቃል ሳይናገሩ ተቀምጠው የክንፉን ፊት ጥቁር ቀቡ፤ በረዶ የሚያራግፈው ጎማ ያለበት ቦታ ነው። ከሞተሮቹ ኋላ ያለውን የጭስ ጥቀርሻ እኛ በማሾ ጥላሸት ጨረስነው።

ክንፉ ሻንጣ ውስጥ አልገባ አለ። የጉዞው ዕለት ጎህ ሳይቀድ አውቶቡሱ ጋ ስደርስ አባትየው በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል፤ ልጁ ደግሞ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ይዟል።

ሁለተኛውን ጀምረናል። ቅዳሜ ከሰዓት በክበቡ ክፍል እንገናኛለን። ያልተጨማደደ ፎይል ያላችሁ አትጣሉብን፤ ምላጩን የሚይዘው ግን ትልቅ ሰው ብቻ ነው።