ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ ይነጻ ዘንድ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ በመጣ ጊዜ የታዘዘው ነገር በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ መታጠብ ብቻ ነበር። ትእዛዙ ቀላል ሆኖ ስለ ታየው ተቈጥቶ ሊመለስ ነበር፤ አገልጋዮቹ ግን መክረው መለሱት። ሥጋውም የታደሰው ሰባቱን በፈጸመ ጊዜ ነው።

ዛሬም ከሐኪም ቤት የሚሰጥ ቀላል ትእዛዝ በመናቁ የሚጐዳ ሰው አለ። ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ሕመሙ ከጥርሱ ጋራ ጨርሶ የወጣ ይመስለዋልና።

የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ጐዳና ላይ ትገኛለች። ከገጠር ወደዚህች ከተማ መጥቶ ጥርሱን የሚያስነቅል ገበሬ ወደ ቀዬው ሲመለስ የሐኪሙን ቃል በመንገድ ሊረሳው አይገባም። ጥርሱ በወጣበት ጕድጓድ ውስጥ ደም ይረጋል፤ ይህም የረጋ ደም እንደ ክዳን ሆኖ ከሥሩ ያለውን አጥንት ይጠብቃል። ስለዚህ ሕመምተኛው ፋሻውን 30 ደቂቃ ያህል ነክሶ እንዲይዝ፥ እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንዳይጕመጠመጥ፥ አጥብቆ እንዳይተፋ፥ ትምባሆና መጠጥም እንዲተው ይታዘዛል። በማግሥቱ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ጨው ጨምሮ አፉን በቀስታ ያጥባል። በአረቄ የተጕመጠመጠ ወይም ጕድጓዱን በቅጠል የወተፈ እንደ ሆነ ግን የረጋው ደም ይለቅና አጥንቱ ይገለጣል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ከፊተኛው የባሰ ሥቃይ ይነሣበታል። ይህም ቢሆን ፈጥኖ ወደ ሐኪሙ ለተመለሰ ሰው መድኃኒት አለው።

እብጠቱ እየጨመረ የሄደ፥ ትኵሳት የያዘው፥ አፉን ለመክፈት ወይም ለመዋጥ የተቸገረ ሰው ግን የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ይመለስ። በሽታው ወደ አንገት ወርዶ የመተንፈሻን መንገድ ዘግቶ ሊገድል ይችላልና።

ነገር ግን ሕመምተኛውን ብቻ መውቀስ ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም። ሕመሙ ለተሻለው ገበሬ ሥራውን ፈትቶ፥ የመኪና ኪራይ ከፍሎ መመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ ሹማምንቱ ቀጠሮው በገበያ ቀን እንዲውል፥ ትእዛዙም ሕመምተኛውን ተከትሎ ለመጣው ዘመድ ጭምር በቃል እንዲነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሠራተኞች ስላሉት እነርሱ ሕመምተኛውን በቤቱ ሊጠይቁት ይችላሉ።

ካህናትም የበኩላቸው ድርሻ አላቸው። በጾም ምክንያት የታዘዘለትን መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው አይታጣም። ቤተ ክርስቲያን የጾምን ሥርዓት ስትሠራ ለሕሙማን የምታዝን መሆንዋን የንስሐ አባት ቢያስረዳው ግን ይፈጽመዋል።

ትእዛዙን የሰጠው ነቢዩ ነው፤ ንዕማን ትእዛዙን ሳይንቅ እንዲፈጽም ያደረጉት ግን አገልጋዮቹ ናቸው። ሹምና ካህንም ለሕመምተኛው እንደዚሁ መካሪዎች ሊሆኑለት ይገባል።