ስለ አነስተኛ የገመድ አልባ ኢንተርኔት ጣቢያዎች የኤሌክትሪክ ኀይል አመራረጥ



መብራት በሚጠፋበት ጊዜ በመሥሪያ ቤቶቻችን የሚታየውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጠረጴዛው ላይ ያለው ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው አይጠፋም፤ በኪስ የተያዘውም ስልክ ይሠራል። ኢንተርኔቱ ግን ይቋረጣል፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣውም ባለጉዳይ «ኔትወርክ የለምና ነገ ተመለስ» ይባላል። ምክንያቱ ሲመረመር፥ ጥፋቱ የዋናው መሥመር ሳይሆን፥ በጣሪያ ወይም በአቅራቢያው ኮረብታ ላይ ተተክላ መልእክቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታቀብለው ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ኤሌክትሪክ ማጣቷ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የዚህች ጣቢያ ፍላጎት ደግሞ ቀድሞ በየቤቱ ይበራ ከነበረው ባለ 40 ዋት አምፑል ላይበልጥ ይችላል። እንግዲህ የጤና ጣቢያው፥ የትምህርት ቤቱና የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ የቀን ሥራ በ40 ዋት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

የዛሬው ንግግራችን ይህችን ጣቢያ በባትሪ ለማቆየት የሚሻለውን መንገድ ለማስረዳት የታሰበ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ የግዥ ኮሚቴ አባላት ወይም የክፍል ኀላፊዎች ስለ ሆናችሁ፥ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ነገሩን ማወቃችሁ ይጠቅማል።

ኤሌክትሪክ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ከመብራት መሥመር የሚመጣው 220 ቮልት ሲሆን፥ አቅጣጫውን በየሴኮንዱ 100 ጊዜ ይለዋውጣል፤ ባለሙያዎች ኤሲ ይሉታል። ሁለተኛው ከባትሪ የሚወጣውና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስሰው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ስሙም ዲሲ ነው። ሬዲዮውም፥ ራውተሩም፥ ስዊቹም በውስጣቸው የሚሠሩት በዲሲ ነው። ከሶኬቱ ጋር የሚያያዘው ትንሽ አዳፕተር ሥራው ኤሲውን ወደ ዲሲ መለወጥ ነው።

ነገር ግን በብዙ ስፍራ የሚደረገው ሌላ ነው። ለጣቢያዋ የቢሮ ዩፒኤስ ወይም ኢንቨርተር ይገዛላታል። ኢንቨርተሩ የባትሪውን ዲሲ ወደ 220 ቮልት ኤሲ ይለውጣል፤ አዳፕተሩ ደግሞ ያንኑ መልሶ ዲሲ ያደርገዋል። ይህ ውኃን ከአንዱ እንስራ ወደ ሌላው እየገለበጡ እንደ መሸከም ነው፤ በተገለበጠ ቁጥር የሚፈስስ አለ። ኢንቨርተሩ ከተሰጠው ከመቶ 90ውን፥ አዳፕተሩም ከተቀበለው ከመቶ 85ቱን ቢያሳልፉ፥ ለመሣሪያው የሚደርሰው ከመቶ 76 ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ኢንቨርተሩ ለራሱ የሚበላው አለ። ተራ የቢሮ ዩፒኤስም ቢሆን የተሠራው ጽሑፍን አስቀምጦ ኮምፒውተርን ለመዝጋት ለሚበቃ ለጥቂት ደቂቃ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ጣቢያ ለመጠበቅ አይደለም።

የሚሻለው መንገድ ቀላል ነው። አንድ ቻርጀር የመሥመሩን ኤሌክትሪክ አንድ ጊዜ ወደ ዲሲ ይለውጣል፤ ባትሪውና መሣሪያዎቹም በአንድ የዲሲ መሥመር ላይ ጎን ለጎን ይያያዛሉ። መብራት ሳለ ቻርጀሩ መሣሪያዎቹን ይመግባል፥ ባትሪውንም ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ሸክሙን ያለ አንዳች መቋረጥ ይረከባል። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በቤታችን የነበረው ባለ ገመድ ስልክ መብራት ጠፍቶ ሳለ ይሠራ እንደ ነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱም ኀይሉን የሚቀበለው ከቤታችን ሳይሆን ከስልክ ጣቢያው ባትሪ ነበር፤ በዚያም እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሆኑ 24 የእርሳስ ባትሪዎች ተቀጣጥለው 48 ቮልት ይሰጡ ነበር። ዛሬም 48 ቮልት የቴሌኮሙኒኬሽን መሣሪያዎች የታወቀ መጠን ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። አንዲት ጣቢያ እያንዳንዳቸው 8 ዋት የሚወስዱ 3 ሬዲዮዎች፥ 10 ዋት የሚወስድ ስዊችና 6 ዋት የሚወስድ ራውተር አሏት እንበል። ድምሩ 40 ዋት ነው። 12 ሰዓት እንድትቆም ከተፈለገ 40 በ12 ሲባዛ 480 ዋት ሰዓት ይሆናል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወሰድበት መልካም ስለ ሆነ፥ 960 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ለእርጅናው ጥቂት ሲጨመርበት፥ ባለ 12 ቮልትና ባለ 26 አምፔር ሰዓት የሆኑ 4 ባትሪዎች ተቀጣጥለው ይበቃሉ። በኢንቨርተሩ መንገድ ቢሆን ግን፥ ለራሱ 10 ዋት የሚበላ ከሆነ፥ ከባትሪው የሚወጣው 40 ሳይሆን 63 ዋት ገደማ ነው፤ የሚገዛውም ባትሪ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። ቻርጀሩም መሣሪያዎቹን እየመገበ የባከነውን የሚተካ መሆን ስላለበት፥ ለዚህች ጣቢያ ከ150 ዋት ባያንስ ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቮልቱ ጥያቄ ነው። 40 ዋት በ12 ቮልት ሲላክ 3.3 አምፔር፥ በ48 ቮልት ሲላክ 0.83 አምፔር ይሆናል። ባትሪው ከመሣሪያዎቹ 30 ሜትር ቢርቅና ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን፥ ባለ 12 ቮልቱ በመንገድ 2.3 ቮልት ያጣል፤ ባለ 48ቱ ግን 0.6 ቮልት ያህል ብቻ። ስለዚህ ርቀት ባለበት ስፍራ 48 ይመረጣል። ሆኖም የመሣሪያውን ጽሑፍ ሳያነቡ ማያያዝ አይገባም። በኔትወርኩ ገመድ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚቀበሉ አንዳንድ ሬዲዮዎች ለ24 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸውና 48 ቢሰጣቸው ይቃጠላሉ። ደግሞም 24 ቮልት የሚባለው ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ እስከ 28.8 ሊደርስ ስለሚችል፥ መሣሪያው ያንን የማይችል ከሆነ ቮልቱን የሚያጸና መለወጫ በመካከል ይግባ።

ስለ ባትሪው ዐይነትም መጠንቀቅ ያሻል። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለአጭር ጊዜ ብርቱ ኀይል እንዲሰጥ የተሠራ ስለ ሆነ፥ በየጊዜው እስከ ጥልቁ ሲራገፍ ፈጥኖ ይሞታል። ለጣቢያ የሚሆነው የታሸገ የእርሳስ ባትሪ በዋጋ ይረክሳል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በደጋ ብዙ ዓመት የሚያገለግለው በአፋር ወይም በጋምቤላ ቆላ በቆርቆሮ ሣጥን ተዘግቶበት ቢቀመጥ እንደዚያ አይቆይም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ መግዣው ይወደዳል፤ ሆኖም ይቀልላል፥ ከመቶ 80 ያህሉን ቢወስዱበት አይጎዳም፥ በብዙ ሺሕ ጊዜም ይሞላል። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ስፍራ በመጨረሻ የሚረክሰው እርሱ ነው። ቻርጀሩ ግን ለእርሱ ተስማሚ ሆኖ የተስተካከለ መሆን አለበት።

ከዚህም ሌላ ሁለት ጠባቂዎች የግድ ያስፈልጋሉ። አንደኛው ባትሪው ከልክ በላይ ሳይራገፍ መሥመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ ነው፤ እርሱ ከሌለ አንድ ረጅም የመብራት መጥፋት ባትሪውን ለሁልጊዜ ሊያበላሸው ይችላል። ሁለተኛው በባትሪው አጠገብ የሚገባው ፊውዝ ወይም ብሬከር ነው። ኤሲ አቅጣጫውን ሲለውጥ በየጊዜው ዜሮ ላይ ስለሚደርስ የብሬከሩ ፍንጣሪ በቀላሉ ይጠፋል፤ ዲሲ ግን ዕረፍት ስለሌለው ፍንጣሪው ሊቀጥልና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ «ለዲሲ» የሚል ያልተጻፈበትን ብሬከር አትቀበሉ።

እንግዲህ የግዥው ወረቀት ሲቀርብላችሁ አራት ነገር ጠይቁ፤ መሣሪያዎቹ በድምሩ ስንት ዋት ይወስዳሉ? ስንት ሰዓት መቆም አለባቸው? ኤሌክትሪኩ ስንት ጊዜ ይለወጣል? ባትሪውን ከጥልቅ መራገፍ የሚጠብቀው ምንድን ነው? መልስ የሌለው ወረቀት ዋጋው ቢያንስም ርካሽ አይደለም። ጣቢያዋም ከቆመች በኋላ በየጥቂት ወሩ የመሥመሩን ማጥፊያ ሆን ብላችሁ ዝጉና ስንት ሰዓት እንደምትቆም በመዝገብ ጻፉ። ሰዓቱ እያጠረ ሲሄድ ባትሪው ማርጀቱን ከባለጉዳዩ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።